በጥምቀት የተቀበልነው ስምና የዕለት ኑሯችን

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ሃይማኖታቸው እንደ ቀዘቀዘባቸው የሚናገሩ ምእመናን ብዙውን ጊዜ አዲስ ነገር ሲፈልጉ ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን እምነቷን በምትገልጥበት በጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀትን ስለምትመሰክር፣ መታደስ ማለት ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀን የተቀበሉትን ጸጋ በንስሐ ማንቃት እንጂ ሌላ ልደት መሻት አይደለም። ጥር 11 ቀን የምንረጨው ጠበልም በረከት ያሰጠናል እንጂ ዳግመኛ አያጠምቀንም።

በተጠመቅንባት ዕለት የክርስትና ስም ወጥቶልናል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስንቆርብ ወይም ካህኑ ለጸሎት ሲጠይቀን ብቻ ነው፤ እናቱን ካልጠየቀ የማያውቀውም፣ ያሳዝናል፣ ጥቂት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት (3፥27-28) የተጠመቁት ሁሉ ክርስቶስን እንደ ለበሱ ከተናገረ በኋላ ወዲያው አይሁዳዊና ግሪካዊ የሚለውን ልዩነት ያስወግዳል። ስለዚህ ክርስቲያን «ማን ነህ?» ሲባል ከዘሩና ከሥራው አስቀድሞ የሚመልሰው መልስ አለው።

ይህ መልስ እውነት መሆኑ ፈጥኖ የሚፈተነው በአንደበት ነው። ረቡዕና ዓርብ ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተትና ከመሳሰሉት) የሚከለከል ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን ስም ሲያነሣና ሲጥል ከዋለ ጾሙ ጎድሎበታል፤ በዐቢይ ጾም የምንሰማው የቅዱስ ያሬድ ዜማም ዓይንና አንደበት እንዲጾሙ፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት እንዲከለከል ያዛል። ለጥቂት ብር ክርክር እንኳ «ማርያምን!»፣ «ሚካኤልን!» ብሎ መማል ልማድ ሆኖብናል፤ ጌታ ግን ንግግራችን አዎን ወይም አይደለም እንዲሆን አዝዟል (ማቴ. 5፥37)። በስልክ የሚጻፍ ስድብም ከአፍ አልወጣም ተብሎ አይታለፍም። ልጁን «የማትረባ» እያለ የሚያሳድግ ወላጅ ደግሞ በጥምቀት የወጣለትን ስም በሌላ ስም እየሸፈነበት መሆኑን ልብ ይበል። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች (4፥29) ክፉ ቃል ከአፋቸው እንዳይወጣ ሲከለክል፣ የሚሰማውን ሰው የሚያንጽ ቃል እንዲተካበት ጨምሮ ነው፤ እንዲያው ዝም ማለት ብቻ አይበቃም።

ይህን የሚያጸናው የጸሎት ሰዓት ነው። ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ ያመሰግን እንደ ነበር (መዝ. 118፥164) ቤተ ክርስቲያንም ከነግህ (ከማለዳ) እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት ጊዜያትን ሠርታለች። ሁሉን መፈጸም ለሁሉም አይቻልም፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ሰዓቷ የራሷ ስላልሆነ፣ እጇ ከሥራ ሳይለይ በልቧ «አቡነ ዘበሰማያት» ብትል እግዚአብሔር ይሰማታል። ለረጅም ጊዜ ጸሎት ያቋረጠ ሰው በነግህና በንዋም (በመኝታ ሰዓት) ይጀምር። ከዚያ የበለጠውን በራሱ ፈቃድ ባይወስን ይሻላል፤ በአንድ ሳምንት ግለት የተጀመረ ብዙ ስግደት ሲቋረጥ ተስፋ ያስቆርጣልና፣ የንስሐ አባቱ አቅሙን አይተው የሚሰጡትን ጥቂት ቀኖና (የጸሎትና የስግደት ትእዛዝ) ይቀበል።