ኮምቦልቻ፦ ከደሴ ቁልቁል፣ ቦርከና ዳር

ኮምቦልቻ በደቡብ ወሎ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር የምትገኝ የፋብሪካና የመንገድ መገናኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 380 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴ ደግሞ ቁልቁል ወደ ደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ብዙ የጉዞ መጻሕፍት «የደሴ መንትያ» ብለው በአንድ መስመር ያልፏታል፤ ደሴዎችም ቢሆኑ «ታች» ሲሉ እሷን ማለታቸው ነው። ይሁንና ወደ ደሴ የሚበር መንገደኛ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። በቲኬቱ ላይ ያለው የአየር ማረፊያው መለያ «ዲ ኤስ ኢ» የደሴ ስም ቢሆንም፣ ሜዳው ያለው እዚህ ነው። ፋብሪካዎቹ፣ ደረቅ ወደቡና የባቡር ጣቢያውም እንዲሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ካልተባሉ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ከተማዋን የሚመለከተው መረጃ ባብዛኛው የተገኘው ከጦር ታሪክና ከእስልምና ታሪክ ጥናቶች ስለሆነ፣ አምስት ቀን የፈጀ ውጊያ ከአንድ ሙሉ ዘመን የበለጠ ቦታ ቢይዝ አንባቢ አይገረም።

ወንዙና አቀማመጡ

ቦርከና የሚነሳው ከኩታበር አካባቢ ነው። ደሴ ላይ ገና ትንሽ ወንዝ ነው፤ ከዚያ ከደጋው ጠርዝ እየተንደረደረ ይወርዳል። ወንዙም መንገዱም በአንድ ጠባብ ገደል በሚጨናነቁበት ስፍራ ዶሮ መዝለያ ይባላል። ስሙ ራሱ ጥበቱን ይናገራል። ገደሉ የሚያበቃውና ሸለቆው የሚከፈተው ኮምቦልቻ ላይ ነው። ወንዙ ከዚያ በሐርቡ በኩል ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ በበጋ ወራት የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደዚህ ረግረግ ያመጣሉ። በመጨረሻም ውኃው አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር ስለማይደርስ የቦርከናም ውኃ የሚያበቃው አቤ ሐይቅ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ልዩነቱ በቁጥር ከሚነገረው ይልቅ ሚኒባስ ውስጥ ይታወቃል፦ ደሴ ላይ መስኮት የከፈተ ሰው ይቆጡታል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሰው ሲወርዱ የተቆጣው ሰው ራሱ ጃኬቱን አውልቆ መስኮቱን ይከፍታል። ሐረጎ ላይ በተለይ በክረምት ጉም ስለሚወርድ፣ ሾፌሮች በቀትር መብራት አብርተው መንዳታቸው የተለመደ ነው።

በከተማዋ አናት ላይ ያለው የጎፍ ተራራ የጽድና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ያሉበት ጥብቅ ደን ነው። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሁሉ ተመንጥሮ ይህ መቅረቱ ኮምቦልቻዎች የሚኮሩበት ነገር ነው፤ ባይኮሩም ይገባቸው ነበር።

ቃሉ፣ ገታና ሼኾቹ

አካባቢው በቀድሞ ታሪክ ቃሉ በሚባለው አገር ውስጥ ነው። ቃሉ ከደጋው ወሎ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ነጋዴ የሚያልፍበትና እስልምና ሥር የሰደደበት ምድር ነበር። ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ በባቲ መንገድ በኩል የምትገኘው ገታ በ19ኛው መቶ ዘመን የታወቀ የትምህርትና የዚያራ ማዕከል ሆነች። ያቀኗትም እ.ኤ.አ. በ1863 ያረፉት ሐጂ ቡሽራ ናቸው። ዛሬም ለመውሊድ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው የኦርቶዶክስን የሃይማኖት ክርክር ከዘጋ በኋላ የወሎ ሙስሊም መሪዎች እንዲጠመቁ ተወሰነ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ቃሉ ግን በቀላሉ አልተቀበለም። ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር በዚህ አካባቢ ለዓመታት ተቃውሞውን መርተዋል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ዐመፅ፣ ሌሎች ጂሃድ ይሉታል፤ በአካባቢው ዛሬም ስማቸው በአክብሮት ይነሳል።

በዚያው በገታ በድንጋይ የተቀረጸ የአንበሳ ምስል አለ። ማን እንደቀረጸውና መቼ እንደሆነ አከራካሪ ነው። አንበሳው ከገታ መስጊድ ብዙም ሳይርቅ ማንም ሳይነካው መቆየቱ ግን አያከራክርም።

ጣሊያንና የ1933ቱ ውጊያ

ከተማዋን ዛሬ የምናውቃት አድርጎ የሠራት የጣሊያን መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከአሰብ ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው ኮምቦልቻ ላይ ነው። ከወደቡ የገባው ሁሉ ወደ ደሴም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው እዚህ አድርጎ ነበር።

መንገዱን የያዘ አገሩን ይይዛልና በ1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች በመሸነፍ ላይ ሳሉ ደሴን ሊከላከሉ የመረጡት የኮምቦልቻን በር ነው። የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 ነበር። ሳምንት ያህል ቆይቶ በብርጋዴር ዳን ፒናር የሚመራው 1ኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በደብረ ሲናና በጣርማ በር በኩል ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ። ሚያዝያ 9 ኮምቦልቻ ሲደርስ ጣሊያኖች መንገዱን ከላይ በሚያዩ ኮረብታዎች ላይ መድፍ ጠምደው አገኛቸው። በሜዳው በኩል ፊት ለፊት መግፋት ራስን ማስፈጀት ስለነበር ቀናቱ በመድፍ መደባደብ አለፉ። ነገሩን የቋጨው በጎን በኩል ተራራውን የወጣው እግረኛ ነው። ከእሱም ጋር አርበኞች ነበሩ። ሚያዝያ 14 መከላከያው ተሰበረ፤ ሚያዝያ 18 ደሴ ተያዘች፤ የተማረከውም በሺህ የሚቆጠር ነበር።

ስለዚህ ውጊያ ያለው ጽሑፍ ባብዛኛው የደቡብ አፍሪካውያን ስለሆነ የአርበኞቹ ድርሻ «ረዱ» ተብሎ ያልፋል። ያንን ተራራ ያየ ሰው፣ መውጫውን አገሩን የሚያውቅ ሰው ሳያሳያቸው ከናታልና ከትራንስቫል የመጣ ወታደር በቀላሉ ያገኘዋል ብሎ ለማመን ይቸገራል። ብርጌዱ ከዚህ ተነስቶ ወደ አምባላጌ ሄደ፤ እዚያም የአኦስታው መስፍን ግንቦት 11 እጁን ሰጠ። ለታሪክ መጻሕፍት መደምደሚያው አምባላጌ ነው። ለአምባላጌ የደቡቡን በር የከፈተው ግን ኮምቦልቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ

ከነጻነት እስከ አብዮቱ ያለው ጊዜ የአሰብ መኪናዎች ዘመን ነው። በ1966 እና በ1977ቱ ረሃብ ከገጠር የተፈናቀለው ወሎዬ እርዳታ ፍለጋ ወደ ዋናው መንገድ ሲወርድ፣ በዚህ መስመር ያሉ ከተሞች ሁሉ ብዙ ስቃይ አይተዋል።

ፋብሪካ ሲነሳ ግን ኮምቦልቻ የምታወራው ብዙ አላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ተተከለ። የቆዳ፣ የሥጋና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችም አሉ፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ ተጨመረ። በዚያው ዓመት የኤርትራ ጦርነት ተነስቶ የአሰብ ንግድ ቆመ። ጭነቱ በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ኮምቦልቻ ግን መገናኛነቷን አላጣችም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በከተማዋና በዙሪያዋ 85,367 ሰው ተቆጠረ፤ ከዚህ ውስጥ 58,667ቱ ከተሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግልጽ አድጋለች።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በቻይናው ሲሲኢሲሲ የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከገቡት ኩባንያዎች አንዱ የጣሊያን የጨርቃ ጨርቅ አምራች ነው፤ በ1933 መድፍ ጠምደው የተሸነፉት ጣሊያኖች ከሰባ ዓመት በላይ ቆይተው ማሽን ይዘው ተመለሱ ማለት ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ሥራው የተጀመረው በ2007 ነው። ሐዲዱ ከተነጠፈ ቆይቷል፤ መደበኛ አገልግሎቱ ግን ከተጠበቀው በላይ ዘግይቷል።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ የፌዴራሉ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነው። በእነዚያ ሳምንታት ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተዘረፉ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም መጋዘኖቹ በመዘረፋቸው በኮምቦልቻና በደሴ የምግብ ሥርጭቱን ማቆሙን አስታወቀ። በዚያ ላይ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነጻ ገበያ ከሚሰጠው ከአጎዋ አስወጣች። ወደ አሜሪካ የሚልከውን ልብስ ከቀረጥ ነጻ ያስገባ የነበረ አምራች በአንድ ጊዜ ሁለት ምት ደረሰበት። ከተማዋ ሥራ የጀመረችው ግን ፍርስራሹ ሳይነሳ ነው።

ፋብሪካው ያመጣውን ጉዳት መደበቅ ደግሞ ተገቢ አይደለም። ቆዳ ማልፊያው፣ ጨርቃ ጨርቁና ቢራው ፍሳሻቸውን በሚለቁባቸው ትናንሽ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል፤ ወንዞቹም ቦርከና ይገባሉ። ከታች ያለው ገበሬ በዚሁ ውኃ ያጠጣል፣ ከብቱም ይጠጣዋል።

ለጎብኚ

ከደሴ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ሲሞላ ይነሳል። በመስኮት በኩል ለመቀመጥ የቻለ ሰው ዶሮ መዝለያን ቁልቁል ያያል። ወንዙን ራሱን ማየት ለሚፈልግ ጥሩው ጊዜ ክረምቱ አልፎ ውኃው የጠራበት፣ አደይ የሚፈነዳበት መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ድፍርስ ነው፣ በበጋ ደግሞ አንሶ ቀለሙም ሽታውም ይለወጣል።

ምሽት የኮምቦልቻ ነው። ደሴ በጊዜ በሩን ሲዘጋ እዚህ ሰው ደጅ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። የቡናው ሥርዓት የወሎ ነው፦ ዕጣን ይጨሳል፣ ሲኒው ከመቅረቡ በፊት ዱአ ይደረጋል፣ ክርስቲያን ጎረቤትም አብሮ «አሚን» ይላል። ይህን ለእንግዳ የሚሠራ ትርዒት ያስመሰለው ሰው ካለ በአንድ ቤት በረካ እስኪደርስ ይቀመጥና ይይ።

ገታ ለመሄድ የባቲን መኪና ይዞ መንገድ ላይ መውረድ ነው። ዚያራው ስፍራ በሕይወት ያለ የጸሎት ቦታ ስለሆነ ጫማ ማውለቅና ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው፤ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ወደ አንበሳው የሚወስድ ሰው ከዚያው ይገኛል፤ ዋጋውን አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። የጎፍን ለመውጣት ማለዳ ይመረጣል፤ ከላይ የአየር ማረፊያው ሜዳ፣ የፋብሪካዎቹ ቆርቆሮ ጣራና ወንዙ በአንድ ዕይታ ይገባሉ።

ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ገበያው ሰኞ ነው፤ አፋሩ ግመሉን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ የሚገናኝበት የታወቀ ገበያ ነው። እሑድ ማታ ኮምቦልቻ አድሮ በማለዳ መነሳት ደሴ ከማደር ይሻላል፤ ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ የደሴው ሰው ባቲ የሚደርሰው ገበያው ከሞቀ በኋላ ነው።