መውለድና መሞት የተከለከለባት ደሴት

በግሪክ አገር በኤጌያን ባሕር ላይ፣ ሚኮኖስ ከምትባለው ደሴት በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቅ ዴሎስ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ድንጋይ፣ ነፋስና ፀሐይ ናት። ጥላ የሚሆን ዛፍ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በጥንት ጊዜ ግን ግሪኮች አብልጠው ቅድስት ከሚሏቸው ስፍራዎች አንዷ ነበረች። አማልክት የሚሏቸው አፖሎና መንትያው አርጤምስ እዚህ ተወለዱ ብለው ያምኑ ነበር። አርጤምስ ያችው ናት፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የኤፌሶን ሰዎች «ታላቅ ናት» እያሉ ሁለት ሰዓት ያህል የጮኹላት።

ክርስቲያን ሰው ከጣዖት ቤት ፍርስራሽ ምን ይፈልጋል የሚል አይጠፋም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና እየተዘዋወረ የሚያመልኩትን ሁሉ ተመለከተ። አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ ማስተማር የጀመረውም ካየው ነገር ተነሥቶ ነው። እኔም በዴሎስ ስለ ቅድስና ያስተዋልሁት ነገር አለና፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ላካፍላችሁ።

የሄድነው ጥቂት ሆነን ከአስጎብኚ ጋር ነው። መሄድ ለሚያስብ ሰው የምመክረውም ይህንኑ ነው። ያለ አስጎብኚ የገባ ሰው የሚያየው የተበታተነ እብነ በረድ ብቻ ነው። በትልቅ ቡድን የገባ ደግሞ ከኋላ ቀርቶ ሳይሰማ፣ ሳይጠይቅ ይመለሳል። ውኃና ኮፍያ መያዝ ግድ ነው። ነፋሱ ከበረታ ጀልባው ይቀራል። ማደርም አይፈቀድም፤ ከጥበቃዎችና ከቁፋሮ ባለሙያዎች በስተቀር ሁሉም ሰው በሰዓቱ ወደ ጀልባው ይመለሳል።

ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምረው ሲቆፍሩት የኖሩ ከተማ ነው። ከቤቶቹ ወደ አንዱ ስትገቡ የውስጥ ግቢው፣ ከግቢው ሥር የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው፣ ወለሉ ላይ በጥቃቅን ጠጠር የተሣለው ሥዕል ይታያል። የበሩን መድረክ ብዙ እግር ረግጦታል። የናክሶስ ደሴት ሰዎች ለአፖሎ የሰጧቸው የእብነ በረድ አንበሶች አፋቸውን ከፍተው በሰልፍ ተቀምጠዋል። የውጪዎቹ ቅጂዎች ናቸው፤ የጥንቶቹን ነፋሱ ስለበላቸው ወደ ሙዚየም አስገብተዋቸዋል። አንበሶቹ የሚመለከቱት ቅዱስ ሐይቅ ይባል የነበረውን ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1925 አካባቢ በወባ ምክንያት ደርቋል። አሁን መሐሉ ላይ አንድ የዘንባባ ዛፍ ቆሟል።

ቤቶቹን አልፈን ወደ ቲያትሩ ወጣን። ከ5,000 ሰው በላይ ይይዝ ነበር። ከመካከላችን አንዲት ሴት፣ «ይህን ሁሉ ሕዝብ የት ቀበሩት?» ብላ ጠየቀች። እውነትም ቤቱን፣ ገበያውን፣ መቅደሱን አየን፤ የከተማው መካነ መቃብር ግን የለም።

አስጎብኚያችን መልስ ከመስጠቷ በፊት እጇን ወደ ምዕራብ ዘረጋች። ከጠባቡ ባሕር ማዶ ሌላ ደሴት ይታያል፤ ሬኔያ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቴናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ426 ዓመት ገደማ ዴሎስን «እናንጻ» ብለው ተነሡ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አቴናን ብዙ ሕዝብ የፈጀ ወረርሽኝ መትቷት ነበር። በደሴቲቱ ያሉትን መቃብሮች ከፍተው የሙታኑን አጥንት አውጥተው ወደ ሬኔያ አጋዙ። ቀጥሎም ሕግ ወጣ፤ ከእንግዲህ በዴሎስ ማንም አይወለድ፣ ማንም አይሙት። ልትወልድ የደረሰች ሴትም፣ ሊሞት የሚያጣጥር ሰውም በጀልባ ወደ ሬኔያ ይወሰድ። ይህን የጻፈው በዚያው ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ነው። የተጋዙት ሙታን የተጨመሩበት ጉድጓድም እ.ኤ.አ. በ1898 ሬኔያ ላይ ተገኝቷል። አብረዋቸው የነበሩት የሸክላ ዕቃዎች ዛሬ በሚኮኖስ ሙዚየም ይታያሉ።

እስቲ አስቡት። ምጥ የያዛት ሴት ነፋስ በሚያናውጠው ጀልባ ላይ። ሽማግሌ አባት፣ ዕድሜውን የኖረበትን ቤት በቃሬዛ ለቆ፣ እስትንፋሱ ሳያልቅ እንዲደርስ እየተቸኮለ። ያ ሁሉ የሆነው ለክፋት አይደለም። ለቅድስና ነው፤ መቅደሱ እንዳይረክስ ብለው ነው። ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

ደግሞ የራሳቸው ተረት ይመሰክርባቸዋል። ሌቶ የምትባለው የአፖሎ እናት ነፍሰ ጡር ሆና ስትሰደድ አገር ሁሉ አላስጠጋም አላት ይላሉ። የተቀበለቻት ይህች ድሃ፣ ድንጋያማ ደሴት ናት። ስለዚህ ደሴቲቱ የከበረችው መውለጃ ያጣችን ሴት ስላስጠጋች ነው ማለት ነው። ኋላ ክብሯን እንጠብቃለን ያሉት ሰዎች ግን ነፍሰ ጡሮችን አስወጡባት። ተረቱን ተረት ብለን እንተወው፤ የሰው ልብ እንዲህ መሆኑን ግን ማን ይክዳል? በምሕረት የተጀመረውን ነገር በጥበቃ ስም እናደርቀዋለን።

ወደብ አጠገብ የነበረው ገበያ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። ሮማውያን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ166 ገደማ ዴሎስን ከቀረጥ ነጻ ወደብ አደረጓት። ሀብት ጎረፈ። ዋናው ሸቀጥ ምን ነበር? ሰው። የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን እንደሚለው፣ በአንድ ቀን እልፍ ባሪያ ተቀብላ እልፍ ባሪያ መላክ የምትችል ደሴት ሆነች። ቁጥሩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ንግዱ ግን ነበር። ሰው እንዳይሞትባት የተከለከለባት ደሴት፣ ሰው እንዳይሸጥባት አልተከለከለባትም። ከሲቃ የጸዳው መቅደስ የሰንሰለት ድምፅ አላረከሰውም። ጌታችን ለፈሪሳውያን «ትንኝን የምታጠሩ ግመልንም የምትውጡ» ያላቸው ቃል እዚያ ቆሜ ታወሰኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። በ88 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የጰንጦሱ ንጉሥ የሚትሪዳጥስ ሠራዊት መጥቶ ሕዝቡን ፈጀ። በ69 የባሕር ወንበዴዎች ደገሙት። ከዚያ ወዲህ እንደ ጥንቱ አላንሰራራችም። ቅዱስ ጳውሎስ ከሚጢሊኒ ወደ ሳሞን፣ ከቆስ ወደ ሩድ በዚያው ባሕር ሲመላለስ፣ ቅዱስ ሉቃስ ወደቦቹን አንድ በአንድ ሲመዘግብ ዴሎስን አይጠራትም።

አሁን ወንጌሉን አጠገቧ አድርገን እንየው። አምላካችን ወደ ዓለም ሲመጣ የመረጠው በር መወለድ ነው። እመቤታችን ቤተ ልሔም በደረሰች ጊዜ «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» ይላል ቅዱስ ሉቃስ። በበረት ወለደችው፤ በግርግም አስተኛችው። ወደ ናይን ከተማ ሲቀርብም የመበለቲቱን ልጅ ሬሳ ከከተማ ሲያወጡ አገኘ። በሕጉ መሠረት ሬሳ የነካ ሰው ይረክሳል። ጌታችን ግን መንገድ አልለቀቀም። «ቀርቦም ቃሬዛውን ነካ፥ የተሸከሙትም ቆሙ።» ርኩሰቱ ወደ እርሱ አልተሻገረም። ሕይወቱ ወደ ሙቱ ተሻገረ እንጂ። ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት የልብሱን ጫፍ ስትነካ የሆነውም ይኸው ነው።

ልዩነቱን አጥብቀን እንያዘው። የዴሎስ ቅድስና በሰው ሕመም የሚቆሽሽ ነው፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ያባርራል። የክርስቶስ ቅድስና ሕመምን የሚያነጻ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሕመምተኛው ይሄዳል። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን ሲጽፍ እንዲህ አለ፦ «ስለዚህ ኢየሱስ ደግሞ በገዛ ደሙ ሕዝቡን እንዲቀድስ ከበር ውጭ መከራን ተቀበለ። እንግዲህ ነቀፌታውን ተሸክመን ወደ እርሱ ወደ ሰፈሩ ውጭ እንውጣ።» ከበር ውጭ። የሚሞቱ ሰዎች በሚጣሉበት በኩል። ጌታችን በዴሎስ ዘመን ቢፈለግ የሚገኘው በአንበሶቹ ሰልፍ በኩል ሳይሆን በሬኔያ ዳርቻ፣ ጀልባ በሚያወርዱ ሰዎች መካከል ነበር ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ልትጠይቁኝ ነው። «እኛስ ብንሆን አራስ ሴት ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ቤተ መቅደስ አትገባ የለ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ምን እንደሚደረግ ልብ በሉ። ምጥ ሲይዛት ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል። ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የማይላት የለም። ገንፎው ይገነፋል። ካህኑ ጸበል ይዞ ወደ ቤቷ ይመጣል፤ እርሷን አውጡልኝ አይልም። አርባው ወይም ሰማንያው ሲሞላ ልጇን ታቅፋ ትመጣለች፤ ሕፃኑ ይጠመቃል፣ ይቆርባል። እመቤታችንም የመንጻቷ ወራት ሲፈጸም ልጇን ታቅፋ ወደ ቤተ መቅደስ ወጥታለች። ይህ ዕረፍት ነው፤ መጨረሻውም በደስታ መግባት ነው። ጀልባ ላይ ጭኖ ከማውጣት ጋር አንድ አይደለም።

ስለ ሙታንም ቢሆን የእኛ ሥርዓት የዴሎስ ተቃራኒ ነው። እነርሱ ከመቅደሱ ዙሪያ አጥንት ቆፍረው አወጡ። እኛ ሙታናችንን አምጥተን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንቀብራለን። ፍትሐት ይደረግላቸዋል። ቅዳሴ ለመሄድ በማለዳ ስንገባ በአያቶቻችን መቃብር መካከል ነው የምናልፈው። ለሚያጣጥረው ሰው ካህኑ ንስሐውን ሊቀበለው፣ ሥጋ ወደሙን ሊያቀብለው ወደ አልጋው ይሄዳል። ይህን ስለለመድነው ቀላል ይመስለናል። ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ሬኔያን ማዶ ላይ ሳይ ነው በደንብ የታየኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ እኔን በጣም ነክቶኛል። ክርስትና ወደ ዴሎስ ሲገባ ከፍርስራሹ መሐል አብያተ ክርስቲያናት ተሠርተው ነበር። ከመካከላቸው የአንደኛው መሠረት ዛሬም ይታያል። በማን ስም የሚጠራ መሰላችሁ? በቅዱስ ቂርቆስ! ሐምሌ 19 ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር የምናስበው፣ ጥር 15 ሰማዕትነቱን የምናከብረው ሕፃኑ ቂርቆስ። ሕፃን እንዳይወለድባት በተከለከለች ምድር ላይ ቅዳሴ የተቀደሰው በሕፃን ስም ነው። ሞት በተከለከለባት ምድር ላይ የተዘከረው ስለ ክርስቶስ የሞተ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን! ይህን ሰው አቅዶ ያደረገው ይሁን አይሁን አልናገርም። እኔ ግን በልቤ «ቂርቆስ ሆይ፣ ለምንልን» ብዬ አለፍሁ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ሕጉ በአዋጅ ባይወጣም በየቤታችን ይሠራልና። የቤት ሠራተኛዋ ማርገዟ ሲታወቅ «እቃሽን ይዘሽ ውጪ» የሚባለው በማን ቤት ነው? ሥዕለ አድኅኖ ግድግዳው ላይ በተሰቀለበት፣ ዐርብና ረቡዕ በሚጾምበት ቤት ነው። ተከራይ ልትወልድ ነው ሲባል «ልጅ ላለው አናከራይም፣ ቤት ፈልጉ» የምንለው እኛው ነን። ሠራተኛዋ ስትታመም የአውቶብስ መሳፈሪያ ሰጥተን ወደ ገጠር የምንሸኛት፣ እጃችን ላይ እንዳትሞት ነው። ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ሲታመሙ ከአሠሪ ቤት ደጅ ላይ መጣላቸውን ስንሰማ እናለቅሳለን፤ ማልቀሳችንም ልክ ነው። ያንኑ ነገር አዲስ አበባ ላይ ስናደርገው ግን «ምን ላድርግ፣ ኃላፊነት አልወስድም» እንላለን። ይህ ኃጢአት ነው። ወደ ንስሐ አባታችን ይዘነው የምንሄደው፣ እንደ ጾም መግደፍ ስሙን ጠርተን የምንናዘዘው ኃጢአት ነው።

አስወጥታችሁ የምታውቁት ሰው ካለ ፈልጉት። ስልኩ ከሌላችሁ ደላላው ወይም ጎረቤቱ ያውቀዋል። ያልከፈላችሁት ደመወዝ ካለ ክፈሉ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ቤታችሁ ካለች፣ የክትትል ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ጠይቁና አብራችኋት ሂዱ። ሰንበት ትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ሆስፒታል ስትጠይቁ በጠያቂ የተከበበውን አልጋ እለፉና ነርሷን «ጠያቂ የሌለው ማን ነው?» በሏት። ማዋለጃ ክፍልም ብቻዋን የመጣች አትጠፋም። አጥሚት ይዛችሁ ግቡ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ትፈልጋለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።