«ደርሰን ነው የምንመለስ» ለምትሉኝ

ስልኩ የሚደወለው ዓርብ ከሰዓት ነው። «እህቴ፣ ነገ እንመጣለን። አልጋ አንፈልግም፣ ደርሰን ነው የምንመለስ። ምን ምን የሚታይ አለ?» ሰኞ ደግሞ ሌላ ስልክ ይመጣል። «እነ እገሌ እናንተ ጋ ውለው ነበር አሉ፤ ምንም የለም እኮ ነው የሚሉት።»

ጎርጎራ ውስጥ፣ ጣና ዳር ካሉት ሎጆች ባንዱ ሪሴፕሽን ላይ ከተቀመጥኩ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዘዞ፣ እዚያው ጎንደር ነው፤ የማማው የራሴን ሰው ነውና ማንም እንዳይቀየመኝ። ሐይቁ ከጎንደር ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ አንብቦና ጠይቆ ይመጣል። እኛ ጎንደሬዎች ግን ቅርብ ስለሆነ የምናውቀው ይመስለናል። ስለዚህ ዘወትር የምትሉኝን እየጠቀስኩ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጣናን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል»

የሚያንገበግበኝ ይኼኛው ነው። የቅዳሜ እንግዶቼን ውሎ ልንገራችሁ። ከጎንደር ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ቆላ ድባ ላይ ቡና አለ። ጯሂት ላይ ደግሞ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ልግዛ ይላል። እኛ ጋ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ስፒከር ይከፈታል። ዓሣ ይታዘዛል፣ ዓሣው ዘገየ ተብሎ እኔ እጠራለሁ። ከምሳ በኋላ ፎቶ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጀልባ!» ይላሉ። ባለጀልባው ውሃውን አየት አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ይቆጣሉ። አሥር ሰዓት ላይ ይሄዳሉ።

ይቺ ሰዓት ናት «ጣና» ብለው የሚያወሯት። ከሃያ አራቱ ሰዓት መርጠው የከፋውን አይተው ይሄዳሉ ማለት ነው!

ባለጀልባው ያከበደባችሁ ገንዘብ ፈልጎ እንዳይመስላችሁ። ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለው አየር በቦታው ይገባል። የከሰዓቱ ነፋስ ይኼ ነው። ጣና ደግሞ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሆኖ ጥልቀቱ በጣም ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጎድጓዳ ያልሆነ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ከሥሩ ጭቃ አንስቶ ይደፈርሳል። «ውሃው ቡናማ ነው» ብላችሁ የሄዳችሁትም ለዚህ ነው። (ጥልቀቱን ሰምታችሁ «እንግዲያ አያሰምጥም» እንዳትሉኝ። ሰው ለመስጠም 14 ሜትር አያስፈልገውም። የጀልባ ጃኬቱን ልበሱ።)

ማታ የብሱ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ይሰክናል። ሊነጋጋ ሲል ሐይቁ የተዘረጋ ነጠላ ይመስላል። ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳቸው የሚወጡት ያኔ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳውን ሲጨርሱ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፤ እናንተ ስድስት ሰዓት ላይ ስትደርሱ ግድግዳ ተደግፎ ያያችሁት «የተጣለ ሣር» እሱ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ረጃጅም ወፎችም፣ ክሬን የሚባሉት፣ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ተነስተው ወደ ደምቢያ ማሳ ይበራሉ፣ ሲመሽ እየተጯጯሁ ይመለሳሉ። እናንተ ሁለቱንም አታገኟቸውም። ጠዋት ገና አልጋችሁ ላይ ናችሁ፣ ማታ አዘዞ ደርሳችኋል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ትዝ ይሉኛል። ልጆቻቸው ናቸው ጎትተው ያመጧቸው። ቁልፍ ስሰጣቸው «ደምቢያ ያደግሁ ሰው ውሃ ለማየት ገንዘብ ልክፈል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ዝም አልኩ። በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቡና ላምጣልዎት ጋሼ ብላቸው በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። ለአንድ ሌሊት የመጡት ሰውዬ ሦስት አደሩ። ሒሳብ ሲዘጉ ምን አሉኝ? «ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የማንንም ባልና ሚስት አላስታረቅሁም።» ለካ በሰፈራቸው የሽምግልና ወንበር የማይለቁ ሰው ኖረዋል።

ስለዚህ ምክሬን ተቀበሉ። ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ከቻላችሁ ቅዳሜን ትታችሁ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ኑ፤ ጸጥ ይላል፣ ዋጋ ለመከራከርም ይመቻል። ዋጋ ሲነገራችሁ 15 በመቶው ቫት ውስጡ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጀልባውን ከማታ አስይዙና አንድ ሰዓት ላይ ውጡ። ጋቢ ያዙ። ለጥምቀት ክፍል የምትፈልጉ ኅዳር ላይ ደውሉ፣ የዋዜማው ዕለት ደውላችሁ አትለማመጡኝ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ስፒከሩን እቤት ተዉት። ስፒከሩን እቤት ተዉት ብያለሁ።

«ሎጅ የፈረንጅ ነው» የእንግዳ መዝገቡን ባሳያችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

«የጣና ገዳማት ለሴት ክልክል ናቸው» ይኼን ሰምተው እቤት የሚቀሩ እናቶች አሉ፣ ያሳዝነኛል። ክልክል የሆኑ አሉ፤ እዚሁ አጠገባችን ያለው ማንዳባ መድኃኔዓለም፣ ደጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል። ሁሉም ግን አይደሉም። ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ሴትም ወንድም ይገባል፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣሉትን ሥዕሎች ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴም ሴት ትገባባታለች። እንዴት አትገባ? ያሠራቻት እኮ እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ ቁስቋምን ያሠራችው።

«ጎርጎራ የዓሣ አጥማጅ መንደር ነው፣ ታሪክ ያለው ጎንደር ነው» ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት አባቱ ሱስንዮስ እዚህ ከትሞ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፔናዊ ቄስም እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚሁ ነው። በዚህ ይብቃኝ፣ አስጎብኚዎቹ እንጀራዬን ወሰደች እንዳይሉኝ።

«ካልጠጣሁት ምን ያደርገኛል?»

ሸሚዛቸውን አውልቀው ወደ ውሃው የሚሮጡ ጎረምሶችን ስከለክል የምሰማው መልስ ነው። ቢልሃርዚያ በመጠጣት የሚመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ትል ገና እጭ ሳለ ዳር ዳር ካለው ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ። ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ፣ ፀሐይ የጠነከረበት እኩለ ቀን፤ ማለትም እናንተ መዋኘት የምትወዱበት ቦታና ሰዓት፣ በሽታው በዋናነት የሚጋባበት ነው። በፎጣ ቶሎ ማድረቅም አያስተማምንም።

የአክስቴ ልጅ ሥራዬን እያወቀ አልሰማኝም። ከወራት በኋላ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥም መጣ። እሱ ግን ክትፎውን ይረግማል! በግድ ጤና ጣቢያ ወስጄው ሰገራ ሲመረመር ተገኘበት። መድኃኒቱ፣ ፕራዚኳንቴል፣ በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ ዳነ። እናንተም ገብታችሁ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ ገደማ ተመርመሩ፣ ቶሎ ብትሄዱ ላይታይ ይችላል። መዋኘት ያማራችሁ ገንዳ ያለው ሎጅ ፈልጉ።

«አዞ አለ» የለም። አርጃኖ ነው ያያችሁት።

«ጉማሬ ሣር በል ነው፣ አይነካም» ሣር መብላቱ እውነት ነው። ሌሊት ወጥቶ ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው ሲመለስ መንገዱ ላይ ከቆማችሁ ግን ከአንበሳ አይሻልም። ያ ሁሉ ክብደት የብስ ላይ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ዘበኛው ከመሸ በኋላ ዳርቻው ላይ አትንሸራሸሩ ሲላችሁ «ምን ሥልጣን አለህ» አትበሉት።

«ወባ የቆላ ነው» ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ስለ ወባ ረስታለች። ሐይቁ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አጎበሩን ዘርጉት። ጌጥ መስሏችሁ አስራችሁ የምታድሩት ብዙ ናችሁ፤ ጠዋት አልጋ ስናነጥፍ እናያለን።

«እንቦጭ ሸፍኖታል፣ ምን ልታዩ ትሄዳላችሁ?» እንቦጭ ችግር አይደለም አልልም፤ የደምቢያ ገበሬ ከብቱን ውሃ ማጠጣት ሲያቅተው አይቻለሁ። ግን አረሙ ተንሳፋፊ ነው፣ ከነፋስ ጋር ይሄዳል። የሚበዛው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው። ሐይቁ በሙሉ ተሸፍኗል የሚለው ወሬ ሩቅ ሆኖ የሚወራ ነው። ትናንት ያልነበረው ዛሬ ሊኖር ይችላልና ደውሉ፣ መስኮቴ ሐይቁ ላይ ነው፣ አይቼ እነግራችኋለሁ።

«ዓሣ ዓሣ ነው» ኧረ በማርያም! ቆሮሶ ለጥብስ ነው። አምባዛ ሥጋው ይበዛል፣ ለጉላሽ ይሆናል። ነጭ ዓሣ የምንለው ጣፋጭ ሆኖ እሾሁ አያድርስ ነው፣ ለልጅ አትዘዙት። ከዚህ ወገን ከጣና በቀር በዓለም ላይ የማይገኙ ከአሥር በላይ ዝርያዎች አሉ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ሪሴፕሽንን አትጠይቁ። ዘገየ የምትሉት ደግሞ ስታዙ ገና ስለሚጸዳ ነው። መጠበቅ የሰለቻችሁ መንገድ ላይ ሆናችሁ ደውሉ። አምባዛ ከሆነ ፍላጎታችሁ ከማታው ንገሩን፣ አጥማጁ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስረክቦን ይሄዳል።