የተሸናፊው ውጤት ለምን ለእኛ ይመዘገባል?

ከየውድድሩ በኋላ ይህ ጥያቄ አይቀርም፦ «እኩል አሸንፈናል፣ እንዲያውም እኛ በሰፊ ልዩነት ነው የረታነው። ታዲያ እንዴት ከነሱ በታች ሆንን?»

በቬክስ ቪ5፣ ማለትም ሁለት ሁለት ቡድኖች ተጣምረው በሚጋጠሙበት የተማሪዎች የሮቦት ውድድር፣ በማጣሪያ ጨዋታዎች ደረጃ የሚወጣው በነጥብ ልዩነት አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው የማሸነፊያ ነጥብ ነው፤ ድል 2፣ አቻ 1፣ ሽንፈት 0። በዚህ እኩል የሆኑት በአውቶኖመስ ነጥብ ይለያሉ። ይህም ሮቦቱ ያለ ነጂ በሚንቀሳቀስባቸው የመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች በልጦ የሚገኝ ነው። አሁንም እኩል ከሆኑ ያ ግራ አጋቢው «ኤስፒ» (የተጋጣሚ ጥንካሬ ነጥብ) ይመጣል።

ኤስፒ የተሸነፈው ጥምረት ያስመዘገበው ውጤት ነው፤ ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም ያው ቁጥር ይያዛል። እናንተ 60 ለ 10 ብታሸንፉ ኤስፒያችሁ 10 ነው። ሌላው ቡድን 60 ለ 55 ከረታ 55 ያገኛል። አጋርም ተጋጣሚም በዕጣ ስለሚደርስ፣ ከብርቱ ጋር የታገለው እንዲካስ ነው። ለእኔ ፍትሐዊ ነው፣ ልጆቹ ግን እስኪለምዱት ያማቸዋል። አንድ ነጂያችን በ40 ነጥብ እየመራ የቀረውን ሰዓት በሙሉ ተጋጣሚውን ሲያግድ ጨረሰው። አሸነፈ፤ ኤስፒውን ግን በገዛ እጁ ቆረጠው።

ይህ ቅደም ተከተል በቅርብ ዓመታት ያው ነው። ከዓመት ዓመት የሚለያየው የአውቶኖመሱ ጉርሻ (በእሱ የበለጠው ጥምረት በውጤቱ ላይ የሚጨመርለት ነጥብ) መጠንና በአውቶኖመሱ ጊዜ ተጨማሪ 1 የማሸነፊያ ነጥብ የሚያስገኙት ተግባራት ናቸው፤ እነዚህን ከዘንድሮው መመሪያ እዩ፣ የአምናውን አትያዙ።