አራት ነጥብ (።) በኮምፒውተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኮለንን (:) ሁለት ጊዜ መምታት አራት ነጥብን ይተካል»

በዓይን ሲታዩ :: እና ። ስለሚመሳሰሉ፣ ምልክቱን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ መፈለግ የታከተው ሰው ኮለንን ሁለት ጊዜ መትቶ ያልፋል። ኮምፒውተር ግን የሚለየው በቅርጽ ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መስፈርት) ሲካተት አራት ነጥብ 4962 የተባለውን የራሱን ቁጥር አገኘ (በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር፣ 1362 ነው)፤ የኮለን ቁጥር 58 ነው። ከዚህም በላይ ዩኒኮድ አራት ነጥብን ዓረፍተ ነገር ከሚዘጉ ምልክቶች ጋር ሲመድበው ኮለንን ከእነዚህ ውስጥ አላስገባውም። በመሆኑም ጽሑፍን በዓረፍተ ነገር እየከፋፈለ የሚተረጉም ወይም በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በ:: የተጻፈን አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊወስደው ይችላል።

«እንግዲያው :: ያለበትን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ በ። መለወጥ ይበቃል»

ለተራ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ይሁን እንጂ :: በሲ ፕላስ ፕላስ እና በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ የራሱ ሥራ አለው፤ አይፒ ቪ6 በተባለው የኢንተርኔት አድራሻም ተከታታይ ዜሮዎችን ለማሳጠር ያገለግላል። ስለዚህ የሚለወጠው ከግዕዝ ፊደል ቀጥሎ የመጣው :: ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ነጠላውን ኮለን በጅምላ ወደ ፡ መለወጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ 4:30 ተብሎ የተጻፈን ሰዓት ሁሉ ያበላሻል።

«ሁለት ነጥብ (፡) ለኮምፒውተር ክፍት ቦታ ነው»

አይደለም። ቃላትን ለመለየት የተመዘገበ ቢሆንም ዩኒኮድ የመደበው ከሥርዓተ ነጥቦች ጋር እንጂ ከክፍት ቦታዎች ጋር አይደለም። መስመር ሲሞላ ከእሱ በኋላ ወደሚቀጥለው መስመር መውረድ ይፈቀዳል፤ ቃላትን በክፍት ቦታ ብቻ የሚቆርጥ ፕሮግራም ግን «ሰላም፡ለሁላችሁ» የሚለውን አንድ ቃል አድርጎ ይቆጥረዋል። በጥንቱ ልማድ ቃላቱ በ፡ የተለዩበትን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ይህን አስቀድሞ ካላሰበበት የቃላት ቆጠራውም ፍለጋውም ይዛባበታል። አንቀጽ መለያው ፨ም እንዲሁ በራሱ አዲስ መስመር አይጀምርም።

«። አጭር የስልክ መልእክትን ያስረዝማል»

የዩኒኮድን ቁጥሮች በባይት (በኮምፒውተር የማከማቻ አሃድ) በሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ 8 በተባለው የኮድ ሥርዓት አራት ነጥብ 3 ባይት (225፣ 141፣ 162) ሲወስድ :: የሚወስደው 2 ባይት መሆኑ እውነት ነው። በአጭር የስልክ መልእክት ግን ስሌቱ ይገለበጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል ሲገባ የአንዱ መልእክት ወሰን ከ160 ምልክቶች ወደ 70 ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ። አንድ ቦታ ሲይዝ :: ሁለት ይይዛል። ቆጥበናል የሚሉት እያባከኑ ነው።

«ምልክቱ በትክክል ካልታየ ጽሑፉ ጠፍቷል»

የታየው ባዶ ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ነው። በአራት ነጥቡ ቦታ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ከተደረደሩ ደግሞ ሦስቱ ባይቶች በሌላ የኮድ ሥርዓት ተነብበዋል ማለት ነው፤ ፋይሉ በዚያው ሁኔታ እንደገና ሳይቀመጥ በዩቲኤፍ 8 ቢከፈት ይስተካከላል። አሳሳቢው በየፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት (?) የተተካበት ፋይል ነው፤ ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ግዕዝን በማይቀበል የኮድ ሥርዓት ሲቀመጥ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ ቁጥሮች ከፋይሉ ስለተሰረዙ ፎንት መቀየር አይመልሳቸውም።