ስለ ፖርቱጋል ሴቶች ብዙዎቻችን የምንሳሳተው

«አውሮፓ ውስጥ የሴት መብት ድሮም የተከበረ ነው» ሲባል ስሰማ ፖርቱጋል ትዝ ትለኛለች። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

«በ1910 ንጉሡ ሲወርድ ሴቶችም ድምፅ አገኙ»

አላገኙም። የ1911ዱ ሕግ ከ21 ዓመት በላይ የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ዜጋ ይመርጣል ይላል። «ወንድ» የሚል ቃል የለበትም። ካሮሊና ቤያትሪዝ አንዤሉ የምትባል ሐኪም ይቺን ክፍተት አየቻት። ባሏ ሞቷል፤ ልጇን የምታሳድገው እሷ ናት። ታዲያ ከእሷ ሌላ የቤተሰብ ኃላፊ ማን ሊሆን ነው? ፍርድ ቤት ሄደች፤ ዳኛው ፈረዱላት። ሜይ 28 ቀን 1911 ሊዝበን ውስጥ ድምፅ ሰጠች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አረፈች። በ1913 ደግሞ ሕጉ ተቀየረና መራጩ ወንድ መሆን አለበት ተባለ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

«በአምባገነኑ መሪ በሳላዛር ዘመን ሴት ጭራሽ አትመርጥም ነበር»

ከ1931 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች ሴት መምረጥ ትችል ነበር። ወንዱን ግን ማንበብና መጻፍ ይበቃዋል። በ1934 ሦስት ሴቶች ፓርላማ ቢመረጡም፣ ምርጫው የአንድ ፓርቲ ነበር።

«ዋናው በደል የምርጫው ነበር»

ለእኔ የቤት ውስጡ ይብሳል። ያገባች ሴት እስከ 1969 ድረስ ያለ ባሏ ፈቃድ ከአገር መውጣት አትችልም ነበር። ፖስተኛው መጣ እንበል። ፖስታው ላይ የተጻፈው የእሷ ስም ነው፤ የላከችው እናቷ ናት። ባልየው ቀድሞ ቀዶ ቢያነበው ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ይህ የቀረው በ1976 ነው፤ አምባገነኑን ሥርዓት ከጣለው የ1974ቱ አብዮት ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው! ያንን ጊዜ የሚያስታውሱ አያቶች ዛሬም በሕይወት አሉ።

«ሴቶቹን ከቤት ያወጣቸው አብዮቱ ነው»

የ1974ቱ አብዮት ብዙ በር ከፍቷል። ዳኝነትና ዲፕሎማሲ ለሴት የተፈቀዱት ያኔ ነው። ግን ከ1961 ጀምሮ ወንዱ ወይ ለቅኝ ግዛት ጦርነት አንጎላ፣ ጊኒ ቢሳውና ሞዛምቢክ ዘምቷል፣ ወይ እንጀራ ፍለጋ ፈረንሳይ ሄዷል። ፋብሪካውንም ቢሮውንም የያዙት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። አብዮቱ ሥራ ላይ ነው ያገኛቸው።

«ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይስተካከላል»

እኔ ይህን አልቀበልም። በ2006 የወጣ ሕግ በፓርቲዎች የዕጩ ዝርዝር ውስጥ ከሁለቱም ጾታ ቢያንስ 33 በመቶ እንዲኖር አስገደደ፤ በ2019 ወደ 40 አደገ። የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ወንበር ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ኬሚካል መሐንዲሷ ማሪያ ደ ሉርደስ ፒንታሲልጎ በ1979 በፕሬዚዳንቱ ተሹማ ለአምስት ወር ያህል መርታለች። ከእሷ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት የለችም።