የጂማት «የመለኪያ ስህተት» ምንድን ነው? ፈተናውን ለመድገም ሲታሰብ

ብዙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለኤምቢኤ መግቢያ የሚቀበሉት ጂማት ከ205 እስከ 805 ድረስ ውጤት ይሰጣል። 615 ያመጣ ሰው «እንግዲህ ልኬ ይህ ነው» ቢል ግን ቸኩሏል። ይኸው ሰው አንድ ገጽ እንኳ ሳያነብ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢቀመጥ 585 ሊያገኝ ይችላል፤ 645ም ሊያገኝ ይችላል። የመለኪያ ስህተት የሚባለው ይህ መዋዠቅ ነው። በጠቅላላ ውጤቱ ላይ መጠኑ ከ30 እስከ 40 ነጥብ ገደማ ይሆናል። ከሦስት ተፈታኞች የሁለቱ ያህል ውጤት ከእውነተኛ ችሎታቸው ከዚህ በላይ አይርቅም፤ የሦስተኛው ግን ይርቃል።

እርማቱ ላይ እንከን ኖሮ አይደለም። ፈተናው 64 ጥያቄ ብቻ ነው፦ 21 የሒሳብ፣ 23 የቋንቋ፣ 20 የዳታ ትንተና። ጥያቄዎቹ ከትልቅ ክምችት ይመዘዛሉ፤ ኮምፒውተሩም የተፈታኙን መልስ እያየ ቀጣዩን ያከብዳል ወይም ያቀላል። ለእያንዳንዱ ክፍል የተሰጠው 45 ደቂቃ ሊያልቅ ሲል በግምት የተመቱ ሁለት ሦስት መልሶች መግጠማቸው ወይም መሳታቸው ውጤቱን ያንቀሳቅሰዋል። የሌሊቱ እንቅልፍም አለ።

ሁለት ውጤት ሲነጻጸር ደግሞ ሁለቱም የየራሳቸውን ስህተት ይዘው ስለሚመጡ ልዩነቱ ይበልጥ ይዋዥቃል፤ ከ45 እስከ 55 ነጥብ ያህል። ከ615 ወደ 635 ከፍ ያለ ሰው ጥናቱ እንደሠራለት በዚህ ብቻ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ትምህርት ቤቱ ግን ይህን አይመረምርም። አሁን ባለው አሠራር ተፈታኙ ውጤቱን አይቶ የሚልከውን ራሱ ይመርጣል፤ የወረደው ሳይላክ ይቀራል። መዋዠቁ ወደ ላይ ከሄደ ትርፍ ነው፣ ወደ ታች ከሄደ የሚጠፋው ገንዘብና ጊዜ ብቻ ነው። (ክፍያው በዶላር ስለሆነ አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህች «ብቻ» ቀላል አይደለችም።)

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ያመጣሁት ውጤት ከልኬ ወርዶብኝ ነው ወይስ ወጥቶልኝ?» የሚለው ነው። የሚያመላክተው የፈተናው ባለቤት ድርጅት ያዘጋጃቸው የሙከራ ፈተናዎች አማካይ ነው፤ ሁለቱ በነጻ ይገኛሉ። ሰዓት ተይዞ፣ ሳይቋረጥ መሠራት አለባቸው፤ ሻይ እየጠጡ የተሠራ ሙከራ አይቆጠርም። በሙከራ 665 አካባቢ ሲያመጣ ቆይቶ በፈተናው ቀን 615 የገጠመው ሰው ያነበበው ሳይረሳው ቶሎ ይድገም። ሙከራው 605፣ ፈተናው 615 ከሆነ ግን ዕድሉ ቀንቶታል። የጥናት መንገዱን ሳይቀይር ቢደግም ሎተሪ እንደመቁረጥ ነው። መጀመሪያ ከ60 እስከ 90 የሚሰጡትን የክፍል ውጤቶች አይቶ ደካማው የቱ እንደሆነ ይለይ።

ውጤቱ የሚፈልገው ትምህርት ቤት ካሳወቀው አማካይ በ10 ነጥብ ያነሰበት ሰው ቢጠይቀኝ አትድገም እለዋለሁ። አሥር ነጥብ መዋዠቁ ውስጥ የምትጠፋ ልዩነት ናት፤ ሳምንታቱን ለማመልከቻው ድርሰት ቢያውላቸው ይሻላል። ለመድገም የወሰነ ደግሞ ቀን ይቁጠር፦ በሁለት ፈተና መካከል 16 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው፣ በ12 ወር ውስጥም ከአምስት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። የብዙዎቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር ማመልከቻ ሴፕቴምበር ላይ ስለሚዘጋ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ለዚያ ዙር መድገሚያ ጊዜ ላይተርፈው ይችላል።